ከፒያሳ እስከ ለገሃር፦ ይሄ ሁሉ ሐውልት የማን ጥቅም ነው?

የቸርችል ቁልቁለት (ክሩን የከፈተ) | እሁድ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለቤቱ። ይሄን ክር የከፈተው የእህቴ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። 11 ዓመቱ ነው፤ ጥያቄ አያልቅበትም። ቅዳሜ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ተነስተን በቸርችል ጎዳና እስከ ለገሃር በእግር ወረድን። የታክሲ ሰልፍ አስጠልቶኝ ነው እንጂ አስጎብኚ ልሆን አስቤ አልነበረም።

ገና ሳንጀምር «ፒያሳ ማለት ምንድን ነው?» አለኝ። ጣልያንኛ ነው፣ አደባባይ ማለት ነው። «ለገሃርስ?» ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያ። «ቸርችልስ?» የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። «እዚህ ሰፈር ኖሯል እንዴ?» አልኖረም። ልጁ ቆም ብሎ ቁልቁለቱን አየው። «ታዲያ የኛ የሆነው የቱ ነው?»

ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ሴባስቶፖልን አሳይቼ ተገላገልኩ። ትግላችን ሐውልት ጋ ግን ተያዝኩ። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን፣ አናቱ ላይ ኮከብ የተቀመጠበትን ታውቁታላችሁ። የሟቾቹን ምስል እያየ ስማቸውን ሊያነብ ሞከረ፤ ምላሱ ተሳሰረ። «እነዚህ እነማን ናቸው?» ኩባውያን። «ለምን እዚህ ሞቱ?» ለኛ ሊዋጉ መጥተው። «ሐውልቱን ኩባዎች ሠሩት?» አይ፣ ሰሜን ኮርያዎች ናቸው የረዱን። «ለምን?»

እዚህ ላይ ጭማቂ ገዛሁለት።

ግን ጥያቄው ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። አንዱ አገር ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ሌላው ሐውልት ያቆማል፣ ሌላው ቋንቋውን በነፃ ያስተምራል። ይሄ ፍቅር ነው ወይስ ሂሳብ? የምታውቁትን ጣል አድርጉ። ስድብ አይፈቀድም፤ የእህቴ ልጅ ያነበዋል።

---

ሂሳብ ሹም | እሁድ፣ ማታ 2፡41

ወንድሜ፣ በጭማቂ ያመለጥከው ጥያቄ መልሱ አንድ መስመር ነው። ዘላቂ ወዳጅ የለም፣ ዘላቂ ጥቅም እንጂ። እንግሊዛዊው ፓልመርስተን እ.ኤ.አ. በ1848 ፓርላማ ውስጥ በዚሁ መንፈስ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ኩባዎቹን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. እስከ 1977 ኢትዮጵያ የአሜሪካ ወዳጅ፣ ሶማልያ የሶቭየት ወዳጅ ነበረች። በየካቲት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር በሰብዓዊ መብት ምክንያት የጦር ዕርዳታውን ቆረጠ። በሚያዝያ ደርግ አስመራ ያለውን የአሜሪካኖቹን የቃኘው የጦር ጣቢያ ዘጋ። ሶቭየቶች ሁለቱንም ለመያዝ አስበው ነበር። የኩባው መሪ ካስትሮ ራሱ የመን ውስጥ ኤደን ላይ መንግሥቱንና ሲያድ ባሬን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሊያስታርቅ ሞክሯል። አልሆነም። ሲያድ ባሬ በክረምቱ ወረረን። ሶቭየቶች ሲመዝኑ ኢትዮጵያ ከበደች፤ ትልቅ ሕዝብ፣ ትልቅ አገር፣ አዲስ አብዮት። መሣሪያው ወደኛ ዞረ። በኅዳር ሶማልያ ሶቭየቶችን አባረረች። የኩባ ጦር በብዙ ሺህ መጣ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሁሉም ወንበር ተቀያየረ። ማንም ማንንም ስለወደደ አይደለም። ሐውልቱ የተመረቀው መስከረም 1977 በእኛ አቆጣጠር፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ነው። ደረሰኝ በለው።

---

ጋሽ ሐባና | እሁድ፣ ማታ 3፡20

ሂሳብ ሹም፣ ልጄ፣ ሂሳብህ ልክ ነው። ግን እኔ ሂሳቡ ውስጥ ነበርኩ።

አባቴ በዚያ ጦርነት ምሥራቅ ግንባር ሞተ። እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ልክ እንደዚህ እንደሚጠይቀው ልጅ። እንደኔ ያሉትን ሰብስበው ኩባ ወሰዱን፣ ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባል ደሴት። «የወጣቶች ደሴት» ማለት ነው። ከአንጎላም ከሞዛምቢክም የመጡ ልጆች የየራሳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ እንለቅማለን። ቶሮንሃ ማለት ያ ትልቁ፣ መረር የሚለው ብርቱካን ነው። እስከዛሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሽታው ሲመጣብኝ ቆም እላለሁ።

አንዲት አስተማሪ ነበረችን። ጫማዬ አፉን ሲከፍት በሽቦ ሰፍታልኛለች። ያቺ ሴትዮ ስለ ቀይ ባሕር ሚዛን የምታስብ አልመሰለኝም።

ተምሬ ስመለስ መንግሥት ተለውጧል። ሌኒን ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ግንቦት 15 ቀን 1983 ተገርስሷል። እስፓኝኛ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት የለም። ጥቅሙ ተቀየረ ማለት ይሄ ነው። እኔ ግን አልተቀየርኩም። ዛሬም ስቆጥር በእስፓኝኛ ነው የምቆጥረው።

ኩባ ከኔ ምን አተረፈች? እስቲ ሂሳብ ሹም ይንገረኝ።

---

ሂሳብ ሹም | እሁድ፣ ማታ 3፡33

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎን ማለቴ አልነበረም።

ግን ከአርባ ዓመት በኋላ እዚህ መድረክ ላይ ሆነው ስለ ኩባ ደግ እያወሩ ነው። ያተረፈችው እሱን ነው።

---

ጋሽ ሐባና | እሁድ፣ ማታ 3፡35

እንዴት ያለህ ነገረኛ ነህ 😄

---

የቃኘው ልጅ | እሁድ፣ ማታ 4፡02

እኔ ደግሞ የሌላኛዋ ኮርያ ወሬ አለኝ። አባቴ ኮርያ ዘማች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ተራ በተራ ከሄዱት የቃኘው ሻለቆች በአንዱ። በጠቅላላው 6,000 ያህል ሰው ነው የሄደው፤ ከ120 በላይ እዚያው ቀርተዋል። አንድም ሰው አልተማረከም። አባቴ ይቺን ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ውሎ አያውቅም።

ለምን ሄዱ? ንጉሡ ጄኔቭ ላይ ጮኸው የሰማቸው የለም፣ እ.ኤ.አ. በ1936። ስለዚህ «የጋራ ደኅንነት» ሲባል ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ይሄ መርሁ ነው። ሂሳብ ሹም ከመቅደሙ በፊት ሂሳቡንም እኔ ልናገር። በዚያው ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የኤርትራን ጉዳይ ይዞ ነበር፤ በታኅሣሥ 1950 ፌዴሬሽኑን ወሰነ። በ1953 ከአሜሪካ ጋር የጦር ዕርዳታና የቃኘው ጣቢያ ውል ተፈረመ። የጣቢያው ስምና የሻለቃው ስም አንድ መሆኑን ልብ በሉ። የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ደርግ ሲመጣ ወዳጁ ሰሜን ኮርያ ሆነ። አባቴ ደግሞ የተዋጋው ከሰሜን ኮርያ ጋር ነው! እናቴ ሜዳሊያውን በጨርቅ ጠቅልላ በርበሬ ጣሳ ውስጥ ደበቀችው። እስከዛሬ ሪባኑን ስታሸቱት ያስነጥሳል። አባቴ በየቀኑ ወደ ሥራ ሲሄድ በትግላችን በኩል ነው የሚያልፈው። ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም።

ከዚያ ደቡብ ኮርያዎች ሀብታም ሆነው ተመለሱ። አፍንጮ በር የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ ተሠራ። ለዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል መጣ። አንድ ቀን ሁለት ወጣት ኮርያውያን ቤታችን መጥተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ለአባቴ መሬት ድረስ ጎንበስ አሉ። አባቴ ግራ ገብቶት «ተነሱ፣ ተነሱ፣ ቡና ጠጡ» ሲላቸው ትዝ ይለኛል። ኮርያ ዛሬ አፍሪካ ውስጥ ገበያ እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ስልኬም የነሱ ነው። ግን ጎንበስ ሲሉ የአንዱ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

---

ቹንቾን ነኝ | ሰኞ፣ ንጋት 11፡48

እህቴ፣ አነበብኩትና ሥራ ረፈደብኝ። እኔ ያለሁት ኮርያ ነው፣ ቹንቾን። በተማሪ ቪዛ የመጣሁት ልክ አንቺ ባልሽው ዕድል ነው፤ አያቴ ዘማች ነበሩ።

እዚህ ውሃው ዳር የዘማቾቹ ሐውልት አለ። ንጉሡ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1968 መጥተዋል። እዚያው አጠገብ በዚያው ዓመት የተከፈተ የቡና ቤት አለ፤ «የኢትዮጵያ ቤት» ነው ስሙ። እስከዛሬ ይሠራል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ በጎጆ ቅርጽ የተሠራ የዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አለ። ሽማግሌ ኮርያውያን እሁድ እሁድ መጥተው ቡና ይጠጣሉ። ቡናው እንደኛ አይደለም፣ ቀጭን ነው። ግን ግድግዳው ላይ ያለውን የንጉሡን ፎቶ ሳየው እንባዬ መጣ። እኔ ደግሞ የንጉሥ ደጋፊ አልነበርኩም።

የእህትህ ልጅ «የኛ የሆነው የቱ ነው?» ብሏል አይደል? አንዱ እዚህ አለ በለው።

---

ዝም ብዬ አንባቢ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

ጥሩ ክር ነው። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልትም ጨምሩ። እሱን ራሺያ ነው የሠራችው።

---

አራት ኪሎ መደርደሪያ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡52

ራሺያ አይደለችም፣ ዩጎዝላቪያ ናት። አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሚባሉ ቀራጮች ናቸው የሠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1955። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ አዲስ አበባ መጣ። ካዛንቺስ በኩል በስሙ የተጠራው መንገድ ከዚሁ ወዳጅነት ነው። ዩጎዝላቪያ የምትባል አገር ዛሬ የለችም። ሐውልቷ ግን በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጥበታል። ይሄን ልብ በሉልኝ።

ላይብረሪ ውስጥ ስለምሠራ አንድ ሁለት ነገር ልበል። የባህል ተቋማቱን የልደት ዓመት ተመልከቱ። አሊያንስ ፍራንሴዝ ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው፤ ፈረንሳይ በፕሩሽያ ተሸንፋ ክብሯ ተነክቶ በነበረበት ዘመን። ብሪቲሽ ካውንስል 1934፤ የነሙሶሊኒ ፕሮፓጋንዳ ሲያይል። ጎተ ኢንስቲትዩት 1951፤ ጀርመን ስሟን ማጠብ ነበረባት። ኮንፊሽየስ 2004፤ ቻይና ዓለምን ልትሞላ ስትነሳ። አንዱም ሥራ ፈትቶ የተቋቋመ የለም። ሁሉም የሆነ ነገር ሲጎድለው ወይም ሲፈራ ነው ቋንቋ ማስተማር የጀመረው።

ግን ከሂሳብ ሹም የምለይበት ቦታ አለ። ገንዘቡን የሚያወጣው ጥቅም ነው። በሩን ከከፈተ በኋላ ግን ማን እንደሚገባና ምን ይዞ እንደሚወጣ አያዝዝም። ፒስ ኮር ተብለው እ.ኤ.አ. በ1962 ከመጡት አሜሪካውያን ወጣቶች አብዛኞቹ አስተማሪዎች ነበሩ። እንግሊዝኛ ያስተማሯቸው ልጆች ጥቂት ቆይተው በዚያው እንግሊዝኛ ማርክስን አንብበው አሜሪካን ለመቃወም ሰልፍ ወጡ። ዋሽንግተን ይሄን በጀቱ ላይ አልጻፈችውም።

---

ሂሳብ ሹም | ሰኞ፣ ቀን 6፡30

ይሄኛውን ወድጄዋለሁ። ግን ምሳሌህ ሁሉ እነሱ ለኛ ያደረጉት ነው። እኛ ለሌላ አድርገን እናውቃለን?

---

አራት ኪሎ መደርደሪያ | ሰኞ፣ ቀን 7፡15

አሳምረን!

እ.ኤ.አ. በ1958 ሦስት ነገር ሆነ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ። አክራ ላይ ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ተሰበሰቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 የትምህርት ዕድል ሰጡ። በ1961 አፍሪካ አዳራሽ ተሠርቶ አለቀ። መሐንዲሱ ጣልያናዊው ሜዜዲሚ ነው፤ የመስኮቱን ባለቀለም መስታወት የሠራው የኛው አፈወርቅ ተክሌ። በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። የቅደም ተከተሉን ውበት እዩልኝ። ካይሮም አክራም የአፍሪካ መዲና መሆን ይፈልጉ ነበር። እኛ አዳራሽና የተማሪ አልጋ አዘጋጅተን ጠበቅን።

ግን ምን ሆነ? ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከዩጋንዳ የመጡት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። እነሱ ቅኝ ገዢን ሲቃወሙ ያደጉ ናቸው፤ አፋቸው ተፈትቷል። የኛዎቹ ደግሞ ንጉሥ ፊት ቀና ብለው የማያውቁ። ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ሲከራከሩ የኛዎቹም ተማሩ። የተማሪው እንቅስቃሴ ሲጻፍ እነዚህ የአፍሪካ ተማሪዎች ያሳደሩት ተጽዕኖ ሳይነሳ አይታለፍም። ንጉሡ የአፍሪካን ልብ ለመግዛት ያመጧቸው ልጆች የራሳቸውን ተማሪዎች ቀሰቀሱባቸው ማለት ነው።

---

ማንዳሪን | ሰኞ፣ ቀን 9፡05

እኔ ቻይንኛ የተማርኩት ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። አሁን በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። በደሞዜ ሁለት ወንድሞቼን አስተምሬያለሁ። ሰው «የቻይና መሣሪያ ሆንሽ» ሲለኝ ያናድደኛል። እንግሊዝኛ የተማረው የማን መሣሪያ ነው?

ግን ሞኝ አይደለሁም። የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃ በየቀኑ አየዋለሁ። 20 ፎቅ፣ 200 ሚሊዮን ዶላር፣ የቻይና ስጦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመረቀ። የቆመው ድሮ ዓለም በቃኝ እስር ቤት የነበረበት ላይ ነው። በ2018 የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ «ሌሊት ሌሊት ከሕንፃው ኮምፒውተሮች መረጃ ወደ ሻንጋይ ይሄድ ነበር» ብሎ ጻፈ። ቻይና አስተባበለች። ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ አስተማሪያችንን ጠየቅኳቸው። ሳቅ ብለው «ዛሬ ስለ ዱምፕሊንግ ነው የምንማረው» አሉ። ዱምፕሊንጉ ይጣፍጥ ነበር፤ ይሄንንም መካድ አልችልም።

ባቡሩንም አስቡት። የከተማው ቀላል ባቡር ሲሠራ ከገንዘቡ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። ኮንፊሽየስ ነፃ ነው። ባቡሩ ነፃ አይደለም። እኔ የገባኝ ልዩነት ይሄ ነው።

---

ስኒ ቡና | ሰኞ፣ ቀን 10፡44

ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ኤምባሲዎቻችን እንግዳ ሲመጣ ጀበና ያቀርባሉ። ፈንዲሻ፣ ዕጣን፣ ቄጠማ። እንግዳው «ዋው» ብሎ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ባህል አስተዋወቅን እንላለን። ከዚያስ?

እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም መጀመሪያ አልተስማማም። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ የዕርዳታ ድርጅቶች ዘመቻ ከፈቱ። በ2007 ስታርባክስ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን አምኖ ተፈራረመ። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ ስሙ ግን የኛ ሆነ። ለኔ ይሄ ከመቶ የጀበና ፕሮግራም ይበልጣል። ጤፍም ላይ እንዲሁ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው ስንት ዓመት ከተንገላታን በኋላ ነው። የአያቴን ሊጥ!

ጀበናውን አልጠላም፤ ለኔም ቀን ሦስቴ ይፈላልኛል። ግን ጀበናው አጠገብ ጠበቃ ይቀመጥ።

---

የአባይ ዳር | ሰኞ፣ ምሽት 12፡20

እናንተ ስለ ቡና ታወራላችሁ፣ ትልቁን ረሳችሁት። ለ1,600 ዓመት ገደማ ጳጳስ የሚላክልን ከግብፅ ነበር። ከዚያ የበለጠ የባህል ዲፕሎማሲ የት አለ? ሰኔ 1951 በእኛ አቆጣጠር አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ከአራት ወር በኋላ ግብፅና ሱዳን የአባይን ውሃ ያለ እኛ ተከፋፈሉት፦ 55.5 ለአንዷ፣ 18.5 ለሌላዋ፣ በቢሊዮን ሜትር ኩብ። በ2003 ግድቡ ሲጀመር ደግሞ «የሕዝብ ልዑክ» ብለው መጡ፤ በ2007 እኛም የራሳችንን ልከን አርቲስትም የሃይማኖት አባትም ካይሮ ሄደ። ተቃቅፈው ፎቶ ተነሱ። ድርድሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የዋህነት ነው! እነሱ ሁሌም

---

አወያይ | ሰኞ፣ ምሽት 12፡58

የአባይ ዳር፣ የመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ ነበር። «እነሱ ሁሌም» ካለው በኋላ ያለውን ቆርጬዋለሁ። ሥሩ የገቡትን 14 መልሶችም አንስቻለሁ። የግድቡ ክር ሌላ ቦታ አለ፤ እዚያ ሂዱና ተፋለሙ። እዚህ ሕፃን አለ ተብሏል።

---

የቸርችል ቁልቁለት | ሰኞ፣ ማታ 2፡05

አወያይ ተባረክ። ሕፃኑ እያነበበ ነው፤ በጋሽ ሐባና ቶሮንሃ ላይ ሦስት ጥያቄ አለው።

ሴባስቶፖልን አሳይቼው ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ትናንት ማታ «ያ መድፍ ለምን ተሠራ?» ብሎ ተመለሰ። ያለኝን ነገርኩት። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶርያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነትና የእጅ ሥራ አዋቂ ነው የፈለጉት። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ቀረ። «ለምን?» እንግዲህ እዚህ ላይ ሂሳብ ሹም ያስፈልገኝ ነበር።

---

ሂሳብ ሹም | ሰኞ፣ ማታ 2፡22

ደስ ይለኛል 😊 ቴዎድሮስ የሚሉት «እኔም ክርስቲያን፣ እናንተም ክርስቲያን፣ ቱርክን አብረን እንግጠም» ነው። እንግሊዝ ደግሞ ገና በቅርቡ በክራይሚያ ጦርነት ከቱርክ ጎን ቆማ ራሺያን ተዋግታለች። ሴባስቶፖል ራሱ የዚያ ጦርነት ከተማ ስም ነው! በዚያ ላይ አሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ላይ ስለነበረች ጥጥ ጠፍቷል፤ የእንግሊዝ ፋብሪካ የግብፅን ጥጥ ይፈልጋል። ግብፅ ደግሞ የቱርክ ናት። የሃይማኖት ወንድምነት በአንድ ሚዛን፣ ጥጥ በሌላው። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

መልስ ሲጠፋ ቴዎድሮስ ቆንስሉን አሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከነጦሩ መጣ።

---

አራት ኪሎ መደርደሪያ | ሰኞ፣ ማታ 2፡50

ሲመለስ ደግሞ የመቅደላን ዘረፋ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተሸክሞለት ነው። አሁን የባህል ዲፕሎማሲ የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደኑ ቪክቶርያና አልበርት ሙዚየም ለ150ኛው ዓመት ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፤ ዳይሬክተሩም «በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን» አሉ። የራሳችንን በውሰት! ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦት አለ። ለዕይታ አይቀርብም፣ ተመራማሪም አያየውም። ለማንም የማይታይ ነገር ለምን ይያዛል? በ1963 የወጣው ሕጋቸው ሙዚየሙ ንብረቱን እንዲለቅ አይፈቅድም ይላሉ። ዋናው ፍርሃት ግን አንዱን ከለቀቁ የግሪኩም የናይጄሪያውም ቅርስ ተራ መጣ የሚለው ነው። በ2019 ሌላ ሙዚየም የቴዎድሮስን ፀጉር መለሰ። በ2023 ግን የልጃቸውን የልዑል አለማየሁን አፅም ከዊንዘር ለማምጣት የቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም።

የአክሱምን ሐውልት አስታውሱ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1947 የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የዘረፈችውን ልትመልስ ፈርማለች። ሐውልቱ በአንቶኖቭ ሦስት ቦታ ተቆርጦ የመጣው በ2005 ነው። 18 ወር 58 ዓመት ሆነ። በመሃል ለጦርነቱ ካሳ ከፍላ ቆቃ ግድብ ተሠራበት። ካሳ ከፍላለች፣ ሐውልት ግን አልላከችም። ከገንዘብ ይልቅ ድንጋይ መልቀቅ ከበዳት፤ ገንዘብ ስትከፍል «ጥፋተኛ ነበርኩ» የሚል ነገር ሮም መሃል አይነቀልም።

---

የቃኘው ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 3፡14

አሁን 3 ሰዓት አለፈና አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ በዚህ ሰዓት የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ሳትሰማ አትተኛም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ። ደርግ በነበረ ጊዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና፣ በኋላ ደግሞ ጮክ አድርጋ። መጋቢት 2017 በእኛ አቆጣጠር ዋሽንግተን ላይ ትዕዛዝ ወጣና ጣቢያው ድንገት ጸጥ አለ። እናቴ ሬዲዮው የተበላሸ መስሏት ባትሪ አስገዛችኝ። አዲሱን ባትሪ ከትታ መርፌዋን ቀስ እያደረገች ወዲህ ወዲያ ስታዞር ሹሹሹ ብቻ። «ምን አጠፋን?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋንም እማዬ። ሂሳቡን አንድ ሰው እንደገና ደመረው።

የጀርመን ድምፅ ላይ አዞርኩላት። እሱም እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አለ። «የነዚህ አማርኛ ጥሩ ነው፣ ግን አልለመድኩትም» አለች።

---

ሂሳብ ሹም | ሰኞ፣ ማታ 3፡30

ይሄን አንብቤ ትንሽ ዝም አልኩ። የኔ ሥራ መደመር ነው፤ የእናትሽን ባትሪ የት መዝገብ ላይ እንደምጽፈው አላውቅም።

---

ጋሽ ሐባና | ሰኞ፣ ማታ 3፡41

ጎሽ። አሁን ገና ሰው ሆንክ።

---

የቸርችል ቁልቁለት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ልጁ ጠዋት ቁርስ ላይ የራሱን ውሳኔ ነገረኝ። በመጪው ቅዳሜ እንደገና እንወርዳለን። ግን ከታች ወደ ላይ ነው የምንጀምረው፣ ከለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ። ጣልያኖች ሮም ወስደውት እንደነበረና እንደተመለሰ ስነግረው «ከዚህ መንገድ እሱ ብቻ ነው ሄዶ የመጣው» አለ። ከዚያ ትግላችን ጋ ጋሽ ሐባና ካሉ የስሞቹን አነባበብ እንዲያስተምሩት ይፈልጋል። የቃኘው ልጅ፣ ሜዳሊያውንም ማየት ይፈልጋል።

---

የቃኘው ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡52

አመጣዋለሁ። ትግላችን ግን ውስጥ ይዤው አልገባም፤ አባቴ ይታዘበኛል። ከመንገዱ ማዶ ጥቁር አንበሳ በር ላይ ሆኜ አሳየዋለሁ። መሐረብ ይያዝ፣ ያስነጥሳል።

---

ጋሽ ሐባና | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡05

4 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። የስሞቹን አነባበብ እያንዳንዱን አስተምረዋለሁ። ቶሮንሃ ካገኘሁ ይዤ እመጣለሁ፤ ካላገኘሁ ብርቱካን።

---

ሂሳብ ሹም | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡07

ታክሲውን እኔ እችላለሁ።